ሙሴ ኤሚል ያቀኗቸው እግሮች በስቶክሆልም

ከስዊድን ተመልሼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ሻይ የሚጋብዘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ብርዱ እንዴት ነው?" እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መልሴ ይረዝማል፤ ሻዩም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀምጫለሁ። በነገራችን ላይ የሄድኩት በግንቦት ነው፤ ብርዱ ከእኛው የኅዳር ንጋት አይብስም። ለዓመታት "ስቶክሆልም በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በብዙ ደሴቶች ላይ የተሠራች ከተማ ናት" እያልኩ ተማሪ ሳስጠና፣ አንድ ቀን እዚያው ሄጄ እጠፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የሄድኩበትን ምክንያት ለመናገር መጀመሪያ ስለ እግሮቼ መናገር አለብኝ። ስወለድ ሁለቱም እግሮቼ ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ መርገጫቸው ሽቅብ እያየ ነበር። ቆልማማ ይሉታል። እናቴ "አዲስ አበባ ውስጥ እግር የሚያቀና ፈረንጅ አለ" ሲባል ሰምታ፣ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ አዝላኝ በእህል ጭነት መኪና ላይ ተሳፈረች። ሰውየው ዶክተር ኤሚል የሚባሉ ፈረንሳዊ ነበሩ፤ ሁላችንም ሙሴ ኤሚል፣ ማለትም አቶ ኤሚል፣ እንላቸዋለን። በአገራችን የአጥንት ቀዶ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት በዚያ ዘመን ሥራዬ ብለው የያዙት የሕፃናትን እግር ማቃናት ነው። አብራቸው ሲስተር ኤልሳ የምትባል ወጣት ስዊድናዊት ነርስ ነበረች፤ በኋላ ተጋቡ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ አበራ የሚባል የፊቼ ልጅ ይተኛ ነበር። የእሱ ቆልማማ አንደኛው እግሩ ብቻ ስለነበር በእኔ ላይ ይኮራ ነበር።

ዘመን ተገለባበጠና ሙሴ ኤሚልና ሲስተር ኤልሳ ወደ እሷ አገር ሄዱ። አበራም በስደት በሱዳን በኩል ዞሮ ዞሮ እዚያው ስቶክሆልም ደረሰና አውቶቡስ ነጂ ሆነ። ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ሙሴ ኤሚል ካረፉ ቆይተዋል። ሲስተር ኤልሳ ግን አሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ አሁን "አንቺ" የሚላቸው የለም።

በሚያዝያ መጨረሻ አበራ ደወለልኝ። "ሲስተር ኤልሳ ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ" አለኝ። "ቀዶ ሕክምናው ደህና ነው የሄደው። እሳቸው ግን አልራመድም ብለዋል። ሁሉም ለመናቸው፤ እኔም ለመንኳቸው። አልሰሙንም።"

"ታዲያ እኔን ይሰሙኛል?"

"አላውቅም። ብቻ ና።"

ቅዳሜ

ቦሌ ላይ ፍተሻው በር ስገባ ማሽኑ ጮኸ። ቀበቶዬን ፈታሁ፤ ጮኸ። ሰዓቴን አወለቅሁ፤ ጮኸ። ፈታሹ ጎልማሳ በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ ከላይ እስከ ታች ሲያዞርብኝ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ አለቀሰበት።

"አባት፣ ካልሲዎ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?"

"ብረት ነው። አጥንቴ ውስጥ ነው። አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ልጅ ሳለሁ ያስገቡት።"

ሱሪዬን ሰብስቤ ጠባሳዬን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየና "ጥሩ ሥራ ነው" አለ፤ እንደ ግንበኛ። ኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ በሙሉ እግሬን አይቶ አሳለፈኝ።

በሻንጣዬ የያዝኩት ዋና ዕቃ ለሲስተር ኤልሳ የገዛሁት የመንዝ ባና ነበር። የበግ ጠጉር ስለሆነ ይከብዳል፣ ሽታውም ከበጉ ብዙም አልራቀም። ልብሴን ቀንሼ ነው ያስገባሁት።

እሑድ

የስቶክሆልም አውሮፕላን ማረፊያ አርላንዳ ላይ አበራ ከነሚስቱ ከዘነበች ጋር ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት ያልተያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊት ነው፤ አበራ ግን አስቀድሞ ወደ ታች ነው ያየው። "ቀጥ ብሏል" አለና አቀፈኝ።

የሚኖሩት ፊቲያ ነው፤ በሜላረን ሐይቅ ዳር ከተደረደሩት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ። ከመስኮታቸው ውሃው ይታያል። እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ በገደል የተከበበ አይደለም፤ ተኝቶ የሚያርፍ ውሃ ነው። በሕንፃዎቹ መካከል የሁሉም አገር ሰው ይተላለፋል፤ ደረጃ ላይ የሰማሁትን ቋንቋ ሁሉ ብቆጥር አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምርበት ነበር።

ፋሲካ ካለፈ ገና ስለነበር ዘነበች ዶሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። እየበላን ሳለ ለአበራ "ለነገ ትቬትስቱጋ ቦካ አድርጌያለሁ" አለችው።

እኔ ሊጥ መሰለኝ። "በዚህ ቅዝቃዜ በአንድ ቀን ይቦካል?" አልኳት።

ዘነበች ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ተቀረቀረ። "ጋሽ ሽመልስ፣ ቦካ ማለት ሰዓት ማስያዝ ነው። ትቬትስቱጋ ደግሞ ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ነው።"

እዚያ ያሉ የእኛ ሰዎች አማርኛቸው እንዲህ ነው፤ ስሙ የስዊድን፣ ግሡ የእኛ። በሳምንቱ መጨረሻ እኔም መናገር ጀምሬ ነበር።

ሰኞ

እኔ ማልዶ መነሳት ልማዴ ነው። ጨለማ መስሎኝ መጋረጃውን ብገልጠው ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች። ሰው ሳላስቸግር ሸሚዜን ልጠብ ብዬ የዘነበች ሰዓት ስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ ቁልፉን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። ከማሽኖቹ አንዱ ባዶ ነበር። ሸሚዜን አስገብቼ፣ ያየሁትን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩ። ወዲያው አንዲት ሽበታም ሴት ቅርጫት ታቅፋ ገባች፤ እኔንም፣ ማሽኑንም፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰዓት ሰሌዳም ተራ በተራ አየች። አልተቆጣችም። ጣቷን ሰሌዳው ላይ፣ በራሷ ሰዓት ላይ አሳረፈች። 

አበራ አልጋዬን ባዶ ቢያገኘው በፒጃማ ሮጦ ወርዶ በስዊድንኛ ይቅርታ ጠየቀልኝ። ሊፍት ውስጥ "ሽሜ፣ እዚህ አገር የሰው ሚስት ብታይ ይቅር ይሉሃል" አለኝ። "በሰው የማጠቢያ ሰዓት መግባት ግን ርስት መግፋት ነው።"

ሴትየዋ በኋላ በራችንን አንኳኳች። ሸሚዜን አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደ ፖስታ አጣጥፋ አመጣችልኝ። ዘነበች ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ በእጇ ሸሚዝ የማጠፍ ምልክት እያሳየችኝ ትስቅ ነበር።

ከቀትር በኋላ ወደ ፍሌሚንግስቤሪ ሄድን፤ ሲስተር ኤልሳ የሚያገግሙት እዚያ ነው። ከአበራ ጋር አውቶቡስ መሳፈር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ነጂው ፍሬን በያዘ ቁጥር "ዘገየ" ወይም "ቸኮለ" ይላል። ሲስተር ኤልሳን ዳግመኛ ያገኛቸውም በአውቶቡስ እንደሆነ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። አንድ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው ለማሳፈር ከመሪው ተነስቶ ሲወርድ፣ ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ በጠራ አማርኛ "ይህ እግር የኤሚል ሥራ ነው" አሉ። አበራ ባለበት ደርቆ ቀረ። አውቶቡሱም ያን ቀን ዘገየ።

ክፍላቸው ስንገባ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተው ነበር። በጣም አንሰዋል። እኔ የማስታውሳት ሲስተር ሁለት ልጅ በሁለት ክንዷ የምታነሳ ነበረች።

"ማነው?" አሉ ሳይገልጡ።

"ሽመልስ ነኝ፣ ሲስተር። ከደብረ ብርሃን።"

"የትኛው ሽመልስ? አንዱ እግሩ ነው ወይስ ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ዓይናቸው ተገለጠ። "ጫማህን አውልቅ።"

የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ግን አወለቅሁ። የግራው ካልሲዬ ጫፉ ላይ ተቀዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሏል። ሊና የምትባለው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት በሩ ላይ ቆማ ነበርና ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ሲስተር ኤልሳ እግሬን አልጋቸው ጠርዝ ላይ አስወጡኝና በሁለት እጃቸው ያዙት። ተረከዜን ጫኑ፣ ቁርጭምጭሚቴን ወዲህና ወዲያ አዞሩ። እጃቸው አልደከመም።

"ተረከዙ ደህና ወርዷል። ቀኙ ትንሽ ወደ ውስጥ ይላል። ሲተኙ የሚታሰረውን ጫማ እናትህ ቤት ስትገቡ ፈታችልህ፤ አይደለም?"

"እያለቀስኩ አስቸገርኳት።"

"ሁሉም ያለቅሳል" አሉ። ግን ፈገግ አሉ።

ፈገግታውን አይቼ ቸኮልኩ። "እርስዎስ ሲስተር፣ መቼ ነው የሚነሱት?" አልኳቸው።

ፊታቸው እንደ በር ተዘጋ። "ደክሞኛል" አሉ። "ሂዱ።"

ኮሪደሩ ላይ ሊና በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ። አጥንቱ ተጠግኗል፤ የሚከለክላቸው ነገር የለም። ነገር ግን ከአልጋ ካልተነሱ ጡንቻቸው ይሟሽሻል፣ ሳንባቸውም ይታመማል። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ አለ። መራመድ ካልጀመሩ ከሙሴ ኤሚል ጋር ወደኖሩበት ቤት አይመለሱም፤ ወደ ኤልድሬቡንዴ፣ ማለትም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። "ቤታቸውን እንደሚወዱ አውቃለሁ" አለች ሊና። "ግን እግራቸውን መሬት ላይ ሳስቀምጥ ይንቀጠቀጣሉ።"

ማክሰኞና ረቡዕ

አበራ "ስለ መራመድ እንዳታነሳ" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስለዚህ በሁለቱ ቀናት ስለ ሌላ ሰው አወራን፤ ስለ ሙሴ ኤሚል። ባናውን አልብሻቸው ነበር። አሽትተው "መንዝ!" አሉና እስከ አገጫቸው ሳቡት። ሊና የበጉን ሽታ ስትሰማ መስኮት ከፈተች።

ሙሴ ኤሚል የተወለዱት በፈረንሳይ ምዕራብ፣ ዝናብ በማይለየው መንደር ነው። አባታቸው የእንጨት ጫማ ይጠርቡ ነበር። በዚያ ጭቃ ገበሬው ሁሉ የሚጫማው የእንጨት ጫማ ነው። ከደንበኞቻቸው አንዲት እግሯ የተጣመመ ሴት ነበረች። በየዓመቱ ትመጣለች፤ አባት አንዱን ጫማ ቀጥ አድርገው፣ ሌላውን እንደ እግሯ አጣመው ይጠርቡላታል። ልኬቱ ሲወሰድ እግሯን ደግፎ የሚይዘው ልጃቸው ኤሚል ነው። አንድ ቀን ሴትየዋ ከሄደች በኋላ "ጫማውን ከምናጣምም እግሩን ለምን አናቀናውም?" ብሎ ጠየቀ። አባት ሳቁ። "እኔ የማውቀው እንጨት ነው" አሉት።

"በዚያች ቀን ነው ሐኪም የሆነው ይል ነበር" አሉ ሲስተር ኤልሳ።

አዲስ አበባ የመጡት ለጥቂት ጊዜ ነበር። ሲያዩ ግን በየጠዋቱ በሩ ላይ ልጅ ያዘሉ እናቶች ተሰልፈዋል። ጀሶ ሲያልቅ በሰው ያስመጣሉ፤ ፋሻ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደገና ይጠቀለላል። መርካቶ ያለ አንድ ኮርቻ ሰፊ አግኝተው የእግር ማሰሪያውን በቆዳ ያሰፉት ነበር። በግድ የሚሠራ ነገር አይወዱም። ዛሬ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ይገፉታል፣ በጀሶ ያስሩታል፤ በሳምንቱ ፈተው ደግሞ ትንሽ ይገፉታል። የሚቆረጠው የመጨረሻው ግትር ጅማት ብቻ ነው፤ እንደ እኔ የባሰበት እግር ሲገጥማቸው ነው አጥንቱን በብረት የሚያያይዙት። አማርኛቸው ግን እስከ መጨረሻው አልቀናም። ወንዱን ሁሉ "አንቺ" ይሉናል። አበራ "አንቺ ጎበዝ፣ ነይ!" ሲባል ያለቅስ ነበር። ስቶክሆልም ከገቡም በኋላ ስዊድንኛ አልሆነላቸውም፤ ባቡር ሲያመልጣቸው የሚሳደቡት በአማርኛ ነበር።

"የጣቱን ጨዋታ ታስታውሳላችሁ?" አሉን ረቡዕ ዕለት።

እንዴት እንረሳለን! ከእራት በፊት ሙሴ ኤሚል ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ከጀሶው ጫፍ ብቅ ያሉ ጣቶቻችንን አንድ በአንድ ይጫናሉ። እያንዳንዱን ጣት "አንቺስ ደህና ነሽ?" ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። የቀኑ ደስታችን እሱ ነበር።

"ጨዋታ አልነበረም" አሉ ሲስተር ኤልሳ።

ከእኛ በፊት፣ ሥራ በጀመሩ ሰሞን ነው። ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ልጅ ጀሶ ታስሮላት ታለቅስ ነበር። ቤቷ ናፍቋት ነው አሉ። ሁሉም እንደዚያ አለ፤ ሙሴ ኤሚልም ጭምር። ጀሶው ግን ጠብቆ ኖሯል። ሲፈታ እግሯ ደም አጥቶ ሞቷል። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ። ሙሴ ኤሚል ሻንጣቸውን ሸከፉ። የማቀናውን ገደልኩ፣ ወደ አባቴ ሥራ እመለሳለሁ አሉ።

"ታዲያ ምን አስቀራቸው?" አልኩ።

"የልጅቷ አባት። መጣና በሩ ላይ ቆመ። የሚመታው መስሎኝ ፈርቼ ነበር። 'ልጄ በምን ትሄዳለች?' ብሎ ብቻ ጠየቀው። ኤሚል ሻንጣውን ተወና አናጢ ቤት ገባ። የእንጨቱን እግር በገዛ እጁ ነው የጠረበላት። ልጅቷ ስታድግ ደግሞ አዲስ ይጠርብላት ነበር፤ አድጋ እስክትዳር ድረስ። ጣት መጫኑን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድም ቀን አልቀረም። ለእናንተ ጨዋታ እንዲመስላችሁ 'ደህና ነሽ' ማለቱን እኔ ነኝ የመከርኩት።"

 ስንመለስ ነጂው ፍሬኑን ቢረግጠውም አበራ ምንም አላለም።

ሐሙስ

ሲስተር ኤልሳ ረቡዕ ስንለያቸው "ነገ እንዳትመጡ፤ አንተ ከተማውን እይ" ብለው አዘውኝ ነበር። ብቻዬን ቱነልባና በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ወደ መሃል ከተማ ሄድኩ። በደሴቶቹ መካከል ጀልባው እንደ ታክሲ ይመላለሳል፤ ካርታዬ ትክክል ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰዉ ነው። በየደረጃው፣ በየግድግዳው ሥር ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። እኛ ጥላ ፍለጋ እንደምንሻማ እነሱ በፀሐይ ይሻማሉ። እኔም ሞክሬው አንድ አግዳሚ ላይ ተኛሁ፤ ደግ ነገር ነው። ምሳ ላይ 'ሲል' የሚባል ዓሣ አዘዝኩ። ጥሬውን በሆምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ነው። ስኳሩን ስቀምስ ጣፋጭ ምግብ ቀድመው ያመጡልኝ መስሎኝ ዋናውን ምግብ ብዙ ጠበቅሁ።

ስመለስ ባቡሩ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ፊቲያን አልፌ ስነቃ ሰዉ ሁሉ እየወረደ ነው። "ኧረ በማርያም፣ የት ነው ያለሁት?" ብዬ ጮህኩ።

"ኖርስቦሪ ነው፤ መጨረሻው" አለችኝ አንዲት ሴት በአማርኛ። ሮማን ትባላለች። ከሥራ እየተመለሰች ነበር፤ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው። "እኔ እንኳ ጴንጤ ነኝ አባባ፤ ግን እንደዚህ ከጠሯት ጥለን አንሄድም" አለችና ቤቷ ወሰደችኝ። ሻይና ቡሌ የሚሉትን የቀረፋ ጣፋጭ ዳቦ አቀረበችልኝ። ልጆቿ አማርኛዬን በደንብ ይሰማሉ፤ የሚመልሱልኝ ግን በስዊድንኛ ነው፤ እኔም ጨርሶ ያልገባኝን መልስ ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀበልኩ። እግሬን ስለምን እንደማነክስ ጠየቀችኝና ታሪኩን ነገርኳት። አበራ ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ "እኚያን እናት እንጸልይላቸዋለን" አለች። ከዚያም ለመንገድ ቡሌ ጨመረችልኝ።

ዓርብ

ይህን ቀን በደንብ ልጽፈው እፈልጋለሁ።

ስንገባ ሲስተር ኤልሳ በማንሻ ማሽን ከአልጋ ወደ ወንበር ሊዛወሩ ነበር። በጨርቅ ተጠቅልለው አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። እኛን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ከተቀመጡ በኋላ ባናውን ጉልበታቸው ላይ ሳቡ።

"ሽመልስ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ። "ልጅ ሆነህ ስትራመድ ያምህ ነበር?"

"ያመኝ ነበር።"

"በጣም?"

"በጣም፣ ሲስተር።"

"እኔ ግን 'አያምም፣ ተራመድ' እልህ ነበር።"

"ይሉኝ ነበር።"

"አላውቅም ነበር እኮ" አሉ። እንባቸው መጣ። "የሰው እግር ስይዝ ኖሬ የእግር ሕመም አላውቅም ነበር። አሁን እነዚህ ደጋግ ልጆች 'ምንም አይልም' ሲሉኝ ራሴን እሰማለሁ። አፍራለሁ። እፈራለሁ። ያን ሁሉ ልጅ ያስነሳሁ ሴት ከወንበር መነሳት ፈራሁ ብዬ ለማን ልንገር?"

አበራ መሐረቡን አውጥቶ የራሱን አፍንጫ ጠረገ።

"ውሸት እንደሆነ እናውቅ ነበር" አልኳቸው።

"ታውቁ ነበር?"

"ሁላችንም። ሲስተር ደግ ናት፤ ግን ስለ ሕመም ትዋሻለች እንባባል ነበር።"

ከእንባቸው ውስጥ ሳቅ ወጣ። "ታዲያ ለምን ተራመዳችሁ?"

"እኔ እርስዎን ፈርቼ" አለ አበራ።

"እኔ መታዘል ሰልችቶኝ ነው" አልኩ። "የማለቅሰውም የምስቀውም በሰው ጀርባ ላይ ነበር። ሕመሙ የራሴ ይሁን፣ ብቻ መሬቱን ልርገጥ አልኩ።"

ዓይናቸው ጥግ ወደቆመው ማንሻ ማሽን ሄደ። 

"ሊናን ጥሯት" አሉ። "እንግዲህ ያለ ውሸት አስነሱኝ።"

ሊና ሮላቶር የሚሉትን ባለ ጎማ መደገፊያ ፊታቸው አቆመች፤ አቋማቸውን አስተካከለች፤ ከኋላ ያዘቻቸው። እኔ በግራቸው ቆምኩ።

"አሁን ያማል" አልኳቸው።

"አውቃለሁ!"

"አሁን ደግሞ ይብሳል።"

ተነሱ። ጣቶቻቸው እጀታው ላይ ነጡ። የተሰበረውን እግር ወደ ፊት ሲያወጡ በአማርኛ እንዲህ ያለ ስድብ ከአፋቸው ወጣ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ ከመርካቶው ኮርቻ ሰፊ የተማሩት መሆን አለበት።

"ምን እያሉ ነው?" አለች ሊና ደንግጣ።

"እየጸለዩ ነው" አለ አበራ።

ሌላውን እግር አስከተሉ። እንደገና ረገጡ። እንደገና ሰደቡ። እስከ በሩ ደርሰው ግንባራቸውን ሮላቶሩ ላይ ደፉና "ያማል" አሉ፤ ድምፃቸው ግን የሚስቅ ሰው ድምፅ ነበር። ሊና ምን ብዬ እንዳስነሳኋቸው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "እኔም ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምላቸው" አለች፤ እንዳለችውም አደረገች።

ሁለተኛው ሳምንት

ብዙ የሚጻፍ ነገር የለውም፤ ደግ ሳምንት እንደዚያ ነው። ሊና በየቀኑ ታራምዳቸዋለች፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዘን እንደ እግር ኳስ ተመልካች እንጮሃለን። ስብሰባው ላይ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ፣ የቤት ለቤት ረዳት እንዲመደብላቸው ተወሰነ። ዘነበችም "የስዊድን ረዳት ወጥ አይሠራም" ብላ ራሷን ጨመረች። ቤታቸው ሲገቡ ባናውን ሶፋው ላይ አነጠፉት።

የመጨረሻው ቀን

ልሸኝ አንድ ቀን ሲቀረኝ "ኤሚል ጋ እንሂድ" አሉ። ከወደቁ ጀምሮ መቃብራቸውን አላዩትም ነበር። የአካል ጉዳተኞች ታክሲ መጥቶ ወሰደን። መቃብሩ ያለው ጥድ ደን ውስጥ ነው፤ ሣሩ መካከል ዝቅ ያሉ ድንጋዮች ተተክለዋል። እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፉ ያጠላል፤ ወፍ ይንጫጫል። ሲስተር ኤልሳ ከታክሲው ወርደው በጠጠሩ ላይ ሮላቶሩን እየገፉ ሄዱ። ረዘም ያለ መንገድ ነው። እየቆሙ፣ እየተነፈሱ፣ ደረሱ። ሮላቶሩ ላይ ባለችው መቀመጫ ላይ አረፉ።

ድንጋዩ ላይ የሙሴ ኤሚል ስም ብቻ ነው ያለው። ሲስተር ኤልሳ አላማተቡም፣ አላለቀሱም። ወደ እኛ ዞሩ።

"ጫማችሁን አውልቁና ተራመዱ" አሉ።

"እዚህ?" አለ አበራ።

"እዚሁ። ኤሚል ፊት።"

እኔና አበራ ተያየን። ሁለታችንም ጫማችንን አውልቀን ድንጋዩ አጠገብ አስቀመጥነው። ሣሩ እርጥብ ነበር፤ ይቀዘቅዛል። ከጥዱ ጀምረን ድንጋዩን አልፈን እስከ ጠጠሩ ጎን ሄድን፤ ዞረን ተመለስን። ሰው እንዴት እንደሚራመድ ሳስብ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ትምህርት ቤት የሄድኩት፣ ሰርጌ ላይ የጨፈርኩት፣ እናቴን የቀበርኩት፣ ልጆቼን አዝዬ የዞርኩት በእነዚህ እግሮች ነው። ተረከዜ ይነካል፣ ጣቴ ይገፋል። 

"ቀጥ በሉ!" አሉ ሲስተር ኤልሳ።

ቀጥ አልን። በዚህ መካከል አበባ ሊያጠጡ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ የውሃ ቆርቆሯቸውን ይዘው ቆሙ። ሁለት ሽበታም ጥቁር ሰዎች በባዶ እግራቸው መቃብር ፊት ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ማየት የዘወትር ነገር አይደለም። በትሕትና አንድ ነገር ጠየቁ። ሲስተር ኤልሳም ከእኛ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ በስዊድንኛ መለሱላቸው። ሽማግሌው ቆርቆሯቸውን መሬት አስቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ምን አሏቸው?" አልኩት አበራን በሹክሹክታ።

አበራ እየተራመደ ነው የመለሰልኝ።

"'ባሌ ሥራውን እያየ ነው' አሏቸው።"